የዳኛው ድርሻ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ፣ አደረሰን!

ይህን የምጽፈው ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። በየመሀሉ እጄን ጠርጌ ስልኬን አነሳለሁ። ባለቤቴ "ወይ ጻፍ ወይ ላጥ" ብላኛለች። እንግዲህ ዓይኔ ቢያለቅስ በሽንኩርቱ አመካኙልኝ። የፊደል ግድፈት ካያችሁም እንደዚያው።

ድሬ በዚህ ሰሞን ደስ ትላለች። ሙቀቷ ፋታ ሰጥቶናል። ጠዋት ጠዋት ሹራብ የሚያስለብስ ብርድ አለ። ለኛ ለድሬዎች ብርድ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ይስቅብናል። የቁልቢ እንግዳ ተሸኝቶ ሳያልቅ በጉና ፍየሉ መንገዱን ሞልቶታል። ትናንት ቀፊራ ገበያ ለአንድ አውራ ዶሮ የተጠራልኝን ዋጋ እዚህ ብጽፈው በዓሉን አበላሽባችኋለሁ።

በየዓመቱ በዚህ ቀን ለሁላችሁም አንድ ዓይነት ካርድ ነበር የምልከው። ሻማ፣ ግርግም፣ "መልካም ገና ከነቤተሰብዎ"። ዘንድሮ እጄ አልታዘዘኝም። ባለፈው ሐምሌ ኦቶራይን ቀብረነዋል።

ኦቶራይ የኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድናችን አምስት ቁጥር ነው። ስሙን አብረን የተጫወትን እናውቀዋለን፤ እዚህ ኦቶራይ ይበቃል። ኦቶራይ የድሮው ፈጣን ባቡር ስም ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣንለት ግን ፈጣን ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፣ እሱ ደግሞ ከተከላካዮቹ ሁሉ ቀርፋፋ። ቦታ አያያዝ ግን ያውቃል። አጥቂው እያለከለከ ሲደርስ እሱ ቀድሞ እዚያ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ባጃጅ እንደሚጠብቅ ሰው።

ኮሌጃችን ቤተ ክርስቲያን ያቋቋመችው ትንሽ ኮሌጅ ነበር። ቤተ መጻሕፍት አለው፣ የጸሎት ክፍል አለው፣ ሜዳ ግን የለውም። ልምምዳችን ከተማውን በሚሰነጥቀው በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ነበር። አሰልጣኛችን ጋሼ ፊሽካቸውን ነክሰው ይቆማሉ፤ ዓይናቸው ግን ከኳሱ ይልቅ ደንገጎ ላይ ነው። እዚያ ተራራ ላይ ከጠቆረ፣ እኛ ጋ ፀሐይ ቢሆንም፣ ልምምድ የለም። የ1998ን የነሐሴ ጎርፍ ያየ ሰው ደቻቱን በራሱ ላይ ባለው ሰማይ አይመዝነውም።

ጋሼ ታሪክ ይወዱ ነበር። ስንሸነፍ ታሪኩ ይረዝማል። በ1954 ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ ካፒቴኑ ሉቺያኖ ቫሳሎ የኛው የድሬዳዋው ክለብ የኮተን ልጅ ነበር። በ1968 ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር የምድብ ጨዋታቸውን ያደረጉት እዚሁ ድሬዳዋ ስታዲየም ነበር፤ ሞሮኮም ከዚሁ ተነስታ ነው ዋንጫውን የወሰደችው። ይህን ሁሉ ይነግሩንና "እናንተ ግን የአካውንቲንግ ተማሪዎችን ማሸነፍ አቃታችሁ" ብለው ይጨርሳሉ።

ከጨዋታ በፊት ክብ ሠርተን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንጸልያለን። ኦርቶዶክሱ ያማትባል፣ ጴንጤው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በረኛችን ሙስሊም ነው። መሀላችን ቆሞ ይሰማና መጨረሻ ላይ ከሁላችን ጮክ ብሎ "አሚን" ይላል። "ጎል የሚገባው በኔ ላይ ነው፤ ጸሎቱም ለኔ ነው" ይል ነበር።

ለገና የኦቶራይ እናት ሳቢያን ሰፈር ቤታቸው ይጠሩናል። ኦቶራይ የድስቱን ክዳን አንስቶ በጭልፋ ይቆጥራል። "ዶሮ የተፈጠረው ለኳስ ቡድን ነው። አስራ ሁለት ብልት፣ አስራ አንድ ተጫዋች፤ የተረፈው ለዳኛው።"

"ተቀያሪዎቹስ?"

"እንቁላል።"

ሚያዝያ 2011 የኮሌጆች ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ደረስን። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ነበር የተጋጠምነው። 1 ለ 1 ነን፤ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ቢቀር ነው። ከቀኝ መስመር የተሻማ ኳስ መጣ። ኦቶራይ ተነሳ፣ ኳሱ በጎሉ ጎን ወጣ። ዳኛው ወደ ማዕዘን ጠቆመ። ተጋጣሚዎቻችን እንኳ አልጮሁም፤ አንደኛው ኳሱን ታቅፎ ወደ ኮርናው እየሮጠ ነበር።

ኦቶራይ ቆመ። ቀኝ እጁን አየ። ከዚያ አነሳው፣ ክፍል ውስጥ ጥያቄ እንዳለው ተማሪ።

"ዳኛ፣ በእጄ ነው ያወጣሁት።"

ዳኛው ራሱ ግራ ገባው። እኔ ካፒቴን ነበርኩ። ሮጬ ሄጄ "ምንድነው ያልከው?" አልኩት። ደገመልኝ፣ ያልሰማሁ መስሎት። ፔናልቲ። በረኛችን በጣቱ ጫፍ ነካት፣ ግን ገባች። አለቀ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ሳምንቱን ሙሉ በጠዋት ጸሎት የተማርነው ስለ እውነት ነበር። ደብተራችን ላይ ጽፈናል። ሜዳ ከመግባታችን በፊት "በእውነት እንድንጫወት እርዳን" ብዬ የጸለይኩት እኔው ነኝ። ከፊሽካው በኋላ በዚያው አፌ ያወጣሁትን ቃል እዚህ አልጽፈውም። ማንም አላስቆመኝም። ሁሉም የልቡን ስናገርለት ነበር።

የተመለስነው በኢሱዙ ጀርባ ነው። ኦቶራይ ጥግ ያዘ። ለእረፍት ከተገዛው ብርቱካን ተርፎ ነበር። በሰንጢ እየቆረጠ ማደል ጀመረ። አንዱ "ይቅርብኝ" አለ። ሌላው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ለእኔ ሲዘረጋልኝ ስልኬን አውጥቼ ማየት ጀመርኩ። ስልኬ ባትሪው አልቆ ከጠፋ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ጥቁር መስታወት ነበር የማየው። ኦቶራይ የተቆረጠውን ብርቱካን በመዳፉ እንደያዘ ከዚራ ልንደርስ ሆነ። ጭማቂው በክንዱ ወርዶ ክርኑ ላይ አቧራ ይዞ ደርቋል። በመጨረሻ በረኛችን፣ ያቺ ጎል የገባችበት ሰው፣ ከተቀመጠበት ተነስቶ አጠገቡ ሄደ። ሁለት ቁራጭ አንስቶ በላ። ልጣጩን ወደ መንገድ ወረወረ።

ማታ በረኛችን ደወለልኝ። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ አይደል እንዴ የምትሉት?"

"ይሄ ገና አይደለም፣ ኳስ ነው" ብዬ ዘጋሁበት። እንዲህ ዓይነት ካፒቴን ነበርኩ።

ኦቶራይን ሳላናግረው ክረምት ገባ። የዚያን ዓመት ነሐሴ ታስታውሳላችሁ፤ ቺኩንጉንያ፣ ያ መገጣጠሚያ የሚያስር የትንኝ ትኩሳት፣ ያልገባበት ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ እንደ ሽማግሌ ጎብጦ ነበር የሚሄደው። እኔ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎኝ ሽንት ቤት በወንድሜ ትከሻ ነበር የምደርሰው። አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። ኦቶራይ ነው። እሱም ታሞ መነሳቱ ነው፤ ከወትሮውም ይበልጥ ቀርፋፋ። በእጁ አንድ ፌስታል ብርቱካን።

በሩ ላይ ቆሞ አየኝና "እህስ፣ ስልክህ ቻርጅ አገኘ?" አለኝ።

አይቶኝ ነበር። በሳቅ ፈረስኩ። ያ በሽታ ሲይዝ መሳቅም ያማል። ልጦ አበላኝ።

ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ሆንን። ተመረቅን፣ ሥራ ያዝን፣ ሲያገባ ሚዜው ነበርኩ። ግን "ይቅርታ" የምትለዋ ቃል ከአፌ ወጥታ አታውቅም። አንዴ ነገሩ አርጅቷል እላለሁ፣ አንዴ ሰው አለ እላለሁ። ሐምሌ ላይ ታመመ፣ ቀናት እንኳ አልሰጠንም። ዝርዝሩን አልጽፍም፤ ባለቤቱ ይህን ታነበዋለች።

በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ፀጉሩ ሸሽቷል። "ረሳኸኝ አይደል?" አለ። ዳኛው ነው።

"እኔ እኮ አላየሁም ነበር" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ኮርና ሰጥቼ ጨርሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጨዋታ አጫወትኩ፤ እጁን አንስቶ የነገረኝ እሱ ብቻ ነው።" ትንሽ ዝም አለና "ያኔ ተቀየማችሁት?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ኧረ በፍጹም" አልኩት።

የኦቶራይ ፎቶ ፊት ለፊቴ ነበር።

ዘንድሮ ካርድ ያልላክሁት ለዚህ ነው። ጥቂት ሰዎችን ግን ሳላመሰግን አልተኛም።

በረኛችን፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከድንኳኑ አልወጣህም። ለእንግዳ ውሃ ስትቀዳ፣ ወንበር ስትደረድር፣ የማያውቁህ ሰዎች የሟች ወንድም መስለሃቸው "እግዜር ያጽናህ" ሲሉህ፣ "አሜን" ስትል ሰምቼሃለሁ። በስንት ዓመትህ "አሚን"ን ተውክልን። አቦ ይመችህ!

ጅቡቲ ያለኸው ግራ መስመራችን፣ ሌሊቱን ተጉዘህ ለቀብር የደረስከው። ሜዳ ላይ አንድም ቀን በሰዓቱ ተመልሰህ አታውቅም ነበር።

ቀኝ ተመላላሹ፣ ነርሱ፣ ፈረቃህን ጨርሰህ ሌሊቱን አልጋው ስር ያደርከው። እግዚአብሔር ይስጥህ።

ጋሼ፣ በከዘራ መጥተው፣ ሳጥኑን ተሸክመን ስንንገዳገድ ከኋላችን "እርምጃ አስተካክሉ፣ አትቸኩሉ" ያሉን። ዕድሜ ይስጥልን።

ደቻቱ ዳር ሻይ ያፈሉልን የነበሩት እናታችን፣ ዱቤያችንን እስከ ዛሬ ያልጠየቁን። ሦስት መቶ ሃያ ብር ነው። አልረሳሁትም። ከበዓሉ በኋላ እመጣለሁ።

ነገ ሳቢያን ነን። እናቱ አስቀድመው ደውለው "ልጄ የለም ብላችሁ እንዳትቀሩብኝ" ብለውናል። ዳኛውንም ጋብዤዋለሁ። አጠገቡ ተቀምጬ የማስተካክለው መልስ አለኝ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለእናቱ ደውዬ እየፈራሁ ነገርኳቸው። "እማማ፣ አንድ እንግዳ ጨምሬያለሁ። ያኔ ያጫወተን ዳኛ ነው።"

ዝም አሉ። ማማሰያው ድስቱን ሲነካ ይሰማኛል።

"ታዲያ ድርሻው አይደል እንዴ" አሉ። "ፈረሰኛውን አስቀምጥለታለሁ። አንተ ክንፍ ይበቃሃል።"

መልካም ገና።