ናቹራል ወይስ ሶሻል

ሆምሩማችን «11ኛ ክፍል ስትገቡ ናቹራል ነው ሶሻል የምትመርጡት? ከወላጆቻችሁ ጋር ተማከሩበት» ካሉን ወዲህ እኛ ቤት ሰላም የለም። አባቴ ናቹራል ይላል። ምክንያቱን ስጠይቀው «ሐኪም» ይለኛል፣ በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለውም። ታላቅ ወንድሜ ናቹራል ተምሮ፣ ተመርቆ፣ እስካሁን ሥራ ፍለጋ ላይ ስለሆነ «እኔን አይተሽ ተማሪ፤ ሶሻል ግቢና ሕግ አጥኚ» ይላል። እናቴ ቀን ቀን «ልጄ የወደደችውን» ትልና ማታ አባቴ ሲገባ «ናቹራል ሳይሻል አይቀርም» ትላለች። አያቴን ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸው ግን «ሁለቱንም ትማራ፣ ምን ቸገራችሁ?» ብለዋል። ከሁሉም የሚሻለው ሐሳብ የእሳቸው ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ እንዲህ የሚል ምርጫ የለም።

የኔ ጭንቀት ከሥራም ከደመወዝም አይደለም። ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ላይ የስፖርት ዜናውን፣ የዓለም ዜናውንና «ይህን ያውቃሉ?» የሚለውን የእንስሳት ዝግጅት የማቀርበው እኔ ነኝ። የክበቡ ልጆች «አንዱን ያዢና ሌላውን ለሰው ልቀቂ» እያሉ ይነተርኩኛል። እውነታቸውን ነው፣ ማይክ ላይ ስስታም ነኝ። ግን አንዱን ይዤ ስከተለው የሚያደርሰኝ ሁልጊዜ ሌላው ጋ ነው። በቃል ባስረዳቸው አልገባ ስላላቸው እዚህ ልጻፈው።

በሯጩ በምሩፅ ይፍጠር ልጀምር። አያቴ የማርሽ ቀያሪውን ነገር ቁጭ ብለው ማውራት አይችሉም። ቡናው ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ጤሶ፣ ሰው ሁሉ ፍንጃሉን ይዞ ሳለ ከመደቡ ይነሱና ከዘራቸውን በቀኝ እጃቸው እንደ መኪና ማርሽ ይጨብጣሉ። «ይኸውልሽ፣ ፊንላንዶቹ አሉ፣ የኛው መሐመድ ከድር አለ። ምሩፅ ዝም ብሎ ይከተላል፣ ይከተላል፣ ይከተላል... የመጨረሻው ዙር ላይ...» ብለው ከዘራዋን ግፍትር! እናቴ ይሄኔ ረከቦቱን በሁለት እጇ ጥፍንግ ነው። ጋዜጠኞች ዕድሜውን ሲጨቀጭቁት «ዶሮዬን ሊሰርቁኝ ይችላሉ፣ በጌንም ሊሰርቁኝ ይችላሉ፣ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም» ማለቱንም ከእሳቸው ነው የሰማሁት።

ስለ እሱ ለሚኒ ሚዲያ ልጽፍ ስሰናዳ፣ በ1972 ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ፣ በ1980 ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ብዬ መዘገብኩ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ የኦሊምፒክ ነገር በኛ አቆጣጠር ሲሆን ይምታታብኛል።) በመሐል 1976 አለ፣ የሞንትሪያል ኦሊምፒክ። እዚያ ምሩፅ የለም። ታሞ ነው? ጉልበቱ ደክሞ ነው? አይደለም። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለተጫወተ ነው።

ራግቢ! ደሴ ውስጥ የራግቢ ኳስ በእጁ ነክቶ የሚያውቅ ሰው ካለ ልየው። ያኔ እኮ ራግቢ የኦሊምፒክ ውድድር እንኳ አልነበረም። ነገሩ ግን የሚቀለድበት አይደለም። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ፣ ጥቁሩን ከነጩ በሚለየው የዘር አገዛዝ ሥር ነበረች፤ በዚያው ዓመት በጁን ወር ሶዌቶ ውስጥ ተማሪዎች በጥይት ተገድለዋል። የኔ እኩዮች፣ በማንፈልገው ቋንቋ አንማርም ብለው ሰልፍ ስለወጡ። የአፍሪካ አገሮች «ኒውዚላንድ ከኦሊምፒኩ ትታገድ» አሉ፤ ኮሚቴው እምቢ አለ፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ20 በላይ አገሮች ጥለው ወጡ። ሞንትሪያል ላይ 5 ሺውንም 10 ሺውንም ፊንላንዳዊው ላሰ ቪረን ወሰደ። ከአራት ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ ይኸው ቪረን በ10 ሺው አምስተኛ ሲወጣ ምሩፅ አንደኛ ነበር። አያቴ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ የሞንትሪያሉም የኛ ነበራ!» ብለው ተንገበገቡ። ይሆን ነበር ወይ? እንጃ። ሞስኮ ላይም እኮ ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታንን ወረረች ተብሎ አሜሪካም ኬንያም አልመጡም። ኬንያዎች በሌሉበት ዓለምን በሙሉ አሸነፍን ብሎ መፎከር እኔን ትንሽ ይከብደኛል። አያቴ ፊት ግን ትንፍሽ አልልም። ኢትዮጵያ ደግሞ ቀጥሎ የ1984ቱንም የ1988ቱንም ኦሊምፒክ አልሄደችም፤ ስንት ሯጭ ዕድሜው በከንቱ አልፏል።

ክሩን ወደኋላ ስመዘው ደግሞ ይድነቃቸው ተሰማ ጋ ደረስኩ። በ1957 ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ፤ ከኛ በኩል ከመሥራቾቹ አንዱ እሳቸው ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወጣች፤ ኢትዮጵያም ከእሷ ጋር ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። ፍጻሜውን ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው። (ይቺን ማይክ ላይ በጣም ፈጠን ብዬ ነው ያነበብኳት።)

ወደፊት ስመዘው ደግሞ ባርሴሎና፣ 1992። ደቡብ አፍሪካ ከ1960 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ ተመልሳለች። በሴቶች 10 ሺህ ሜትር ደራርቱ ቱሉ አንደኛ፣ ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ሁለተኛ። ተቃቀፉ፤ ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ቪዲዮውን ያላየ የለም፤ ሰው «ደስ ሲሉ!» ብሎ ያልፈዋል። ሶዌቶን፣ ካርቱምን፣ ምሩፅ ያልሮጠውን የሞንትሪያል ሩጫ ካወቁ በኋላ ሲያዩት ግን ሌላ ነው። እኔ አልቅሻለሁ። ወንድሜ «ውጤቱን እያወቅሽው?» ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ሲጮህ ያመሻል፤ እኔ ሴት ነኝና እዚያ መግባት ስለማይታሰብ የቀረልኝ የድሮ ውድድር ነው፤ አሁን ሳስበው እሱ ነው የጠቀመኝ።

እሺ፣ ይሄ ሶሻል ነው እንበል።

የዓለም ዜና ላይ ከሬዲዮ ይልቅ የማምነው አጎቴን ነው። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ ተሳቢ ይነዳል፣ ቤቱ ኮምቦልቻ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ከደሴ ሐረጎን፣ ያንን ቁልቁለት ወርጄ እሱ ጋ እከርማለሁ። (ስፖርት መውደድና ስፖርተኛ መሆን ለየቅል ናቸው፤ እኔ ሐረጎን በመኪና ተቀምጬ እንኳ ያጥወለውለኛል።) አጎቴ ካርታ አያውቅም፤ መንገዱን የሚያወራው በማደሪያው ነው፦ ጋላፊ፣ ሚሌ፣ ባቲ። የቀይ ባሕርን ደቡባዊ በር፣ ባብ ኤል መንደብን «ከደሴ ኮምቦልቻ ካለችው መንገድ ርዝመት ብዙም የማትሰፋ ናት፤ ዓለም በሙሉ በሷ ልለፍ ብሎ ይጋፋል» ብሎ ነበር ያስረዳኝ። ቤት ገብቼ ሳየው እውነቱን ነው፣ በጠባቡ በኩል ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት።

በ2023 መጨረሻ ሁቲ የሚባሉት የየመን ታጣቂዎች መርከብ መምታት ሲጀምሩ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች ቀይ ባሕርን ትተው አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ዞሩ፤ ከእስያ ወደ አውሮፓ ለሚሄድ ዕቃ አሥር ቀን ገደማ የሚጨምር መንገድ ነው። ይህን ሬዲዮ ይነግራል። አጎቴ ደግሞ «መርከቡ ሲዘገይ እኛ እንተኛለን፤ እኛ ስንተኛ ደረቅ ወደብ ላይ ያሉት ጫኝና አውራጆች ይተኛሉ፤ እነሱ ሲተኙ ሽሮ የምትሸጥላቸው ሴትዮ ትተኛለች» ይላል። በ2021 ሱዊዝ ቦይ ውስጥ ተጋድማ ስድስት ቀን መተላለፊያውን ስለዘጋችው ኤቨር ጊቨን ስለምትባል መርከብ ስነግረው ርዝመቷን አላመነኝም፤ 400 ሜትር። «የሩጫ መም አንድ ዙር ማለት ነው፤ ምሩፅ ማርሽ የሚቀይርባት ዙር» ስለው ነው የገባው። ለካ እሱም የአያቴን ከዘራ እያየ ነው ያደገው።

እንስሳቱ ጋ ስደርስ ቤተሰቡ በሙሉ ፊቱን ያዞርብኛል፤ እኔ የምወደው ጥንብ አንሳ ነዋ። «አንበሳ አለ፣ ነብር አለ፣ ዋልያ አለ፣ እሷ ጥንብ አንሳ!» ትላለች እናቴ። ከሰፈራችን ሥጋ ቤት ጀርባ ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፉ ጥፍራቸው ቀጭ ቀጭ ይላል። ራቅ ሲሉ ጥቁርና አስቀያሚ ይመስላሉ። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ፊታቸው ላባ የሌለው ነጣ ያለ ሮዝ ነው፤ ማጅራታቸው ላይ የጫጩት የመሰለ ለስላሳ ጸጉር አለ። አንዱ የሌላውን አንጀት ሲቀማ ያ ሮዝ ፊት በአንዴ ደም ይመስላል። ምንቃራቸው ቀጭን ስለሆነ ትልልቆቹ አሞሮች የማይደርሱበትን፣ አጥንት ጥግ የቀረችውን ለቅመው ያወጣሉ። ሥጋ ሻጩ «ደመወዝ የማልከፍላቸው ጽዳቶች» ይላቸዋል። እንዲህ በየከተማው ስለሚታዩ የሞሉ ይመስላል እንጂ፣ ዓለም አቀፉ መዝገብ ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መሐል ናቸው፤ አፍሪካ ውስጥ ዋናው ገዳያቸው ለጅብ ወይም ለሌላ አውሬ ተብሎ የሚመረዝ ሥጋ ነው።

ሕንድ ያሉት ዘመዶቻቸው ደግሞ ያለቁት በመድኃኒት ነው፤ ያውም አያቴ ለጉልበታቸው በሚወስዱት፣ በዲክሎፌናክ። የታመመች ላም መድኃኒቱን ትወጋለች፤ ከሞተች ሜዳ ላይ ትጣላለች፤ ጥንብ አንሳው ሥጋዋን ይበላል፤ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል፤ በጥቂት ቀን ይሞታል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሦስት ዓይነት ጥንብ አንሳዎች ከመቶ 95 እጅ በላይ አለቁ፤ ሚሊዮኖች ነበሩ እኮ። ምን እንደገደላቸው ፓኪስታን ውስጥ የተደረገ ጥናት በ2004 እስኪገልጥ ድረስ የሚያውቅ አልነበረም። በ2006 ሕንድ መድኃኒቱን ለከብት ከለከለች። እስከዚያው ሥጋው ለውሻ ቀርቷል፤ ውሻ በዛ፤ ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ አለ።

ውሻና የእብድ ውሻ በሽታ ስል ደግሞ ዞሬ እኛው አገር ገባሁ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፤ አዋቂዎቹ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ባሌ ውስጥ በተደጋጋሚ የጨረሳቸው ከሰው ውሾች የሚጋባባቸው ይኸው በሽታ ነው። እኛው ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥም ከጭላዳው ጋር ጥቂት አሉ። ሰው ስለ ቀይ ቀበሮ ሲነሣ አዳኝ ይመጣበታል፤ እኔ ግን ውሻውን ስለሚያስከትበው ገበሬ ነው የማስበው።

ለአባቴ ናቹራል እንደምመርጥ ነግሬዋለሁ። ደስታው ሌላ ነው፤ ለጎረቤት ሁሉ «ዶክተር» እያለ ነው የሚያወራው፤ የማን ዶክተር እንደሆንኩ ገና አልተነጋገርንም። እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ የምሩፅን፣ የካርቱምን፣ የባብ ኤል መንደብን ነገር ከአያቴም ከአጎቴም ከሬዲዮም እየቃረምኩ እደርስበታለሁ። አንድ መርፌ የአሞራ ኩላሊት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ግን ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የሚያውቅ ሰው ካላስተማረኝ ብቻዬን አልደርስበትም። ወንድሜ «ታዲያ መድኃኒቱን ያገደው መንግሥት ነው እንጂ ኬሚስትሪ ነው?» ብሎ ሞገተኝ። ጥሩ ክርክር ነው፤ እውነትም ሕግ ቢማር ይሻለው የነበረው እሱ ነው።

ለጊዜው ሌላ ድርድር ላይ ነኝ። የሚኒ ሚዲያው ሰብሳቢ የጥንብ አንሳውን ዝግጅት ሲያነበው «ተማሪው ዳቦውን እየበላ ነው እኮ የሚሰማው!» ብሎ ሊመልሰው ነበር። በመጨረሻ ተስማማን፤ መጀመሪያ የፕሪሚየር ሊግ ውጤት፣ ቀጥሎ ጥንብ አንሳ፣ አንጀት የሚለው ቃል ይውጣ። አርሰናል ካሸነፈ ልጆቹ ስለሚጨፍሩ ደቂቃዬ ያልቃል። ቅዳሜ የማን ደጋፊ እንደምሆን ገና አልወሰንኩም።