ከጀሞ ወዲያ፦ በትንሽ ገንዘብ የምንወጣባቸው መንገዶች

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ዘመድ ሁሉ "ምነው እንዲህ ራቃችሁ" እያለ አዘነልን። ለሥራ ከሆነ ልክ ናቸው፤ ጠዋት ሜክሲኮ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የተሰለፈ ሰው ያውቀዋል። ለሽርሽር ግን ሩቆቹ እኛ አይደለንም። መገናኛ አካባቢ የሚኖር ሰው የጢያን ትክል ድንጋዮች ለማየት ሲነሳ የመጀመሪያው ድካሙ ከተማውን ማቋረጥ ነው። እኛ ያን ሁሉ ሳናይ ዓለም ገና እንገኛለን። ባለፉት ዓመታት በትንሽ ገንዘብ መውጣት የቻልኩት ይህን ከተረዳሁ ወዲህ ነው፦ መጀመሪያ ቦታ አልመርጥም፤ በር ነው የምመርጠው።

በር የምለው ከከተማው የሚያስወጣውን መንገድ ነው። የእኛው አየር ጤና ነው። የጅማው መንገድ በሰበታ አድርጎ ወደ ወሊሶ ይሄዳል፤ ዓለም ገና ላይ ደግሞ የቡታጅራው ይገነጠላል። በቃሊቲ በኩል ዱከምና ቢሾፍቱ አሉ፣ በአስኮ በኩል ቡራዩ፣ ገፈርሳና ሆለታ፣ በሰሜን ሱሉልታና ጫንጮ። የካ የሚኖር ሰው ከአለት የተፈለፈለውን ዋሻ ሚካኤልን በእግሩ ወጥቶ ማየት ይችላል፤ ለሽሮ ሜዳና ለጉለሌ ሰው ደግሞ እንጦጦ ደጁ ነው። እኔ ከጀሞ እንጦጦ ልውጣ ብል ግን በየታክሲው የምከፍለውና ሰልፍ ላይ የማባክነው ሰዓት መልካ ቁንጡሬ አድርሶ ይመልሰኛል። እንጦጦ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው አየሩ ብቻውን ያስኬዳል። የሰሜን ሰዎች በር ነው፣ ለእነሱ ትቼላቸዋለሁ።

ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ነዳጅ በጨመረ ማግስት ውሸታም ያደርገኛል። የወጪውን ቅደም ተከተል ግን መናገር እችላለሁ። ትልቁ ትራንስፖርት ነው፣ ቀጥሎ ምሳ፣ መግቢያው መጨረሻ ላይ ይመጣል። በአብዛኛው ቦታ ለአገር ውስጥ ጎብኚ የሚጠየቀው ከውጭ ዜጋው ያነሰ ነውና መታወቂያ መያዝ ያዋጣል፤ ኬላ ላይም ይጠየቃል። ስለዚህ ለመቆጠብ የሚፈልግ ሰው በር ላይ ስለ መግቢያ ከሚከራከር ይልቅ ሁለቱን ትልልቆቹን ያስብባቸው።

ብዙ ጊዜ የምሄደው የቡታጅራውን መንገድ ነው። በአንድ ቀን ሦስት የተለያዩ ዘመናትን ያሳያል፤ ከከተማው ዙሪያ እንደሱ የሚያደርግ መንገድ አላውቅም። አካሄዴ ሁልጊዜ ከሩቁ ወደ ቅርቡ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነስቼ በቀጥታ ጢያ እወርዳለሁ፤ ከዚያ ወደ ቤቴ እየተጠጋሁ ሌሎቹን አያለሁ። ምክንያቱ መኪና ነው። ከሰዓት በኋላ፣ በተለይ እሁድ፣ ከቡታጅራ የሚመጣው ሁሉ ሞልቶ ያልፋል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጢያ ከመቆም መልካ ቁንጡሬ መቆም ይሻላል፤ ከዚያ ወደ ዓለም ገና የሚቀረው አጭር ነው፣ አጭር መንገድ የሚሠራ ሚኒባስም አይጠፋም።

የጠዋቱ ጭቅጭቅ ሁልጊዜ አንድ ነው።

"ወንድሜ፣ ጢያ ወራጅ ነኝ። የጢያን ነው የምከፍለው።"

"እናቴ፣ መኪናው የቡታጅራ ነው። ወንበሩን ከጢያ ወዲያ ማን ይሞላልኛል?"

ረዳቱ ከራሱ ወገን ሲታይ አልተሳሳተም። መፍትሔው ከመሳፈር በፊት መነጋገር ነው፤ አራት አምስት ሆኖ መሄድ ደግሞ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል። መኪናው ለመሙላት ጥቂት ሰው ሲቀረው የመጣ ቡድን የፈለገውን ባያገኝም የሚቀርበውን ያገኛል።

ጢያ ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 36 የቆሙና የወደቁ ድንጋዮች ያሉበት ግቢ ሲሆን ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አብዛኞቹ ላይ ጎራዴ ተቀርጿል። የአካባቢው ሰው የግራኝ ድንጋይ ይላቸዋል፤ ድንጋዮቹ ግን ከግራኝ ዘመን የሚቀድሙ ናቸው፣ ሥራቸው ላይም መቃብር ተገኝቷል። ግቢው ሰፊ አይደለም፤ የሚቸኩል ሰው በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። እኔ ረጅም ሰዓት የምቆየው የአስጎብኚውን ነገር ለመስማት ነው። ለእሱ የሚከፈለው ከጠቅላላ ወጪው ትንሹ ነው፤ ያለ እሱ ግን ድንጋይ አይቶ መመለስ ነው።

ወደ ኋላ ስንመለስ የአዳዲ ማርያም መገንጠያ አለ። ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ትውፊቱ ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ያገናኛታል። ከዋናው መንገድ ገባ ስለምትል የሞተር ወይም የባጃጅ ሂሳብ ይጨመራል። ሽማግሌና ልጅ ከያዝን እናልፋታለን፣ ጎረምሶች ብቻ ከሆንን እንገባለን። ነጠላ መያዝ አይረሳ።

መልካ ቁንጡሬ አዋሽ ወንዝ ዳር ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. አንድ የኔዘርላንድ የውኃ ባለሙያ የድንጋይ መሣሪያዎችን እዚህ ካየ ወዲህ ሲቆፈር የኖረ ቦታ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመት በላይ ያስቆጠሩ መሣሪያዎች ወጥተውበታል። በ2024 እ.ኤ.አ. ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ባልጪት እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቀው ጥቁር ድንጋይ የሚገኝበት ነው፤ የጥንት ሰው ስለቱን የሚያወጣው ከእሱ ነበር። ሙዚየሙ በክብ ጎጆዎች ተከፋፍሎ የተሠራ ነው። ልጆች ከጢያ ይልቅ እዚህ ይደሰታሉ፤ አጥንትም ድንጋይም ጉድጓድም ያያሉ። መሬት ላይ ያገኙትን ስባሪ ኪሳቸው እንዳይከቱ ግን ዓይን ይፈልጋሉ፤ ቅርስ ነው፣ እንኳን ስለቱ ፍንጣሪውም።

የሱባው ጉዞ ሌላ ዓይነት ነው። የመናገሻ ሱባ ደን ወጨጫ ተራራ ላይ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጽዱና ዝግባው የደረሱበትን ቁመት ላየ ሰው ለማመን አያስቸግርም። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ይታያል፤ ዕድለኛ ሰው የምኒልክ ድኩላን ያያል። ችግሩ መዳረሻው ነው። ሰበታ ድረስ መኪና ሞልቷል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ግን ረጅምና ኮረኮንች ስለሆነ ኮንትራት ያስፈልጋል።

ለብቻ ኮንትራት መያዝ የሀብታም ነገር ነው። እኛ ብሎካችን ውስጥ ቡና የምንጠጣ ሴቶች ዕጣ የሌለው ዕቁብ ጀመርን። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይዋጣል፣ ገንዘቡ ሲደርስ ሚኒባስ ይያዛል፣ የጎደለውን ወንበር ባልና ልጅ ይሞላዋል። ሚኒባስ ሲሞላ የኮንትራቱ ሂሳብ ለአንድ ሰው ከሁለት ሰው የካፌ ምሳ አይበልጥም። ገንዘቡን የምትይዘው የምድር ቤቷ ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ እንኳ ቢለምናት አታበድርም፤ የመረጥናትም ለዚህ ነው።

ከሹፌር ጋር ስንነጋገር የምንጨርሳቸው ነገሮች አሉ፦ ጠቅላላ ዋጋው፣ ነዳጁ የማን እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቀን፣ እስከ ደኑ በር ነው ወይስ ወደ ውስጥም ይገባል የሚለው። "ችግር የለም፣ እንግባባለን" የሚል ሹፌር ማታ ላይ ችግር አለው። ምሳ ላይ ከእኛ ጋር ከተቀመጠና ፍርፍሩን ከበላ ደግሞ ሰዓት መቁጠሩን ይተወዋል። ይህን ሆን ብለን ነው የምናደርገው፤ ለእሱ የሚሆን ምሳ ዕቃ ከቤት ይያዛል።

ምሳ ቤት የተሠራ መሆን አለበት። ቡታጅራ መንገድ ላይ ክትፎ በቆጮ እያለ ፍርፍር መብላት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ግን ክትፎው ከትራንስፖርቱ ይበልጣል። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ በፔርሙዝ ቡና። ጾም ሲሆን ሥራው ይቀላል። ደን ውስጥ እሳት ስለማይነድ ጀበናው ቤት ይቀራል፤ መጀመሪያ ላይ ይህን ለጎረቤቶቼ ማስረዳት ከኮንትራቱ ድርድር ከብዶኝ ነበር። ውኃ በብዛት፣ ለቆሻሻው ፌስታል፣ ለጠዋቱ ብርድ ጋቢ፣ ለቀትሩ ኮፍያ። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ቀን ፀሐይዋ ፊት ትልጣለች።

ቢሾፍቱን በአጭሩ ልበል። ሁሉም የሚሄድበት ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ ይወደዳል። ሪዞርት ውስጥ ካልገባሁ የሚል ሰው በጀቱ እዚያው ያልቃል። በሥራ ቀን ሄዶ ሆራን ዞሮ፣ ጨለለቃ ላይ ወፍ አይቶ፣ ከተማው ውስጥ ሽሮ በልቶ መመለስ ግን ማንም ይችላል። ከመስቀል ቀጥሎ ያለው እሁድ የኢሬቻ በዓል ነው፤ ለበዓሉ የሚሄድ ይሂድ፣ ለእረፍት የሚሄድ ሌላ ቀን ይምረጥ።

ከሁሉም የሚረክሰው የገዳም ጉዞ ነው። የጉዞ ማኅበራት በየአጥቢያው ደጅ ትኬት ይሸጣሉ፤ ዝቋላ በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5፣ ደብረ ሊባኖስ ደግሞ በራሱ የንግሥ ቀናት። ይህ ሽርሽር አይደለም፤ የሚሄድ ሰው ለመሳለም ይሂድ፣ መዝሙሩንም ይዘምር። ተራራና ሐይቅ ማየቱ በረከት ሆኖ ይጨመርለታል፤ ዝቋላ አናቱ ላይ ሐይቅ አለ።

ከመውጣታችን በፊት በነበረው ማታ መነኸሪያ ለሚያውቀን ሹፌር እንደውላለን። "መንገዱ ሰላም ነው?" ነው ጥያቄው። የሚመላለስበት ሰው የሚያውቀውን ወሬ ሌላ አያውቀውም፤ ካመነታ እናስተላልፈዋለን፣ ገንዘቡ ዕቁቡ ውስጥ ስላለ የሚከስር የለም። ስንደርስም የአገሩን ሰው "አካም ጅርቱ" ብሎ መጀመር፣ ሲሸኙ "ገለቶማ" ማለት ብዙ በር ይከፍታል። እርሻ ውስጥ ከመግባትና ሰው ፎቶ ከማንሳት በፊት ይጠየቃል።

አሁን ዕቁቡ ውስጥ ከወትሮው የበዛ ገንዘብ ተጠራቅሟል፤ ክርክሩ ስለ ወንጪ ነው። በራችን ነው፤ የጅማውን መንገድ ይዞ ወሊሶ፣ ከዚያ ወደ አምቦ በሚወስደው ሽቅብ። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ጋር የመረጠው ነው፤ ሐይቁ አለ፣ ደሴቱ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ፈረሱ አለ። እኔ ወሊሶ አድረን በማለዳ እንውጣ ባይ ነኝ፤ ደርሶ መልስ ከሆነ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። ገንዘብ ያዥዋ ግን የአልጋውን ሂሳብ ስሰማ ነው ብርድ የያዘኝ ትላለች። ክረምቱ እስኪወጣ ጊዜ አለን፤ የወሊሶን አልጋ ቤቶች እየደወልኩ ዋጋ እያጠያየቅሁ ነው።