ጢስ ዓባይን አድሮ ማየት

ባሕር ዳር የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጢስ ዓባይን በግማሽ ቀን ጨርሶ ይመለሳል። ጠዋት ይሄዳል፣ ፏፏቴው ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ ለምሳ ባሕር ዳር ይደርሳል። ጢስ ዓባይ የምትባለውን ከተማ ግን አያያትም። ወደ ፏፏቴው የሚያደርሰውን አሮጌ የድንጋይ ድልድይም ቶሎ ተሻግሮ ያልፋል። እኔ የሄድኩት ለማደር ነው። ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ነበር፣ መስከረም ላይ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ።

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ድረስ ያለውን መንገድ አልተርክም። የዓባይ በረሃ፣ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ። ጎጃም በመስከረም ጤፉም ዳጉሳውም አረንጓዴ ነው፣ የአደይ አበባውም ቢጫ ነው፤ እሱን ያየ ያውቀዋል።

ባሕር ዳር መናኸሪያ የጢስ ዓባይ ሚኒባስ እስኪሞላ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅኩ። ከሞላ በኋላም ትርፍ ጫነ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት በነጠላቸው የቋጠሩትን ፈቱና አንድ እሸት በቆሎ ሰጡኝ። የተጠበሰ ነው፣ ገና ትኩስ። «ጠዋት ምን ቀምሰህ ወጣህ?» አሉኝ። ምንም አልቀመስኩም ነበር። «እንግዲያ ብላ የኔ ልጅ፣ መንገዱ ያስርባል።» እውነታቸውን ነው። ርቀቱ ሰላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ያኔ መንገዱ ኮረኮንች ስለነበር አንድ ሰዓት ፈጀብን። ስንወርድ የእጄን ሻንጣ ይዘው ማደሪያ ድረስ አደረሱኝ። ስማቸውን ሳልጠይቅ ወደ ገበያው ገቡ።

ጢስ ዓባይ ከዘጌና ከመሸንቲ ጋር በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ዋና መንገድ፣ ጠላ ቤቶች፣ ሸንኮራ አገዳ አስደግፈው የሚሸጡ ልጆች። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በአህያ ተሞልቷል። ወንዶቹ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ አረንጓዴ ቁምጣቸውን ለብሰው ይመጣሉ። አንድ ጠላ ቤት ገብቼ የዳጉሳ ጠላ ጠጣሁ። ጥቁር ነው፣ ጌሾው ጠንከር ያለ። ባለቤቷ ብርጭቆዬ ሳይጎድል ትሞላለች፤ የተቀበለችኝን ገንዘብ ማነስ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ሌሊቱ ግን ከፋ። አልጋው ያኔ ሁለት መቶ ብር ነበር። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፣ እስኪነጋም አልመጣም። ቁንጫው ደግሞ ጨለማ አላስቸገረውም። ተነስቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። የተቆጣሁት ለራሴ እንቅልፍ አይደለም። እዚህች ከተማ አጠገብ ሁለት የኃይል ማመንጫዎች አሉ። የመጀመሪያው በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 በፈረንጆች አቆጣጠር ሥራ የጀመሩ ናቸው። ሁለተኛው ብቻ 73 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከፏፏቴው በላይ ውሃውን በቦይ ጠልፈው ተርባይን ላይ ይጥሉታል። ፏፏቴው መሳሳት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ፏፏቴውን የሰጠች ከተማ በሻማ ማምሸት አልነበረባትም። የማደሪያው ባለቤት ሻማውን ስታመጣልኝ «ለምደነዋል» አለች። መልመዳቸው ነው የባሰ ያናደደኝ።

ጠዋት አስጎብኚ ያዝኩ። አስጎብኚዎቹ ማኅበር አላቸው፣ በተራ ነው የሚወጡት። የኔው ወጣት ልጅ ነው፣ ትሁት፣ ብዙ የሚያውቅ። ከከተማው ወጥተን በእግር ወደ ድልድዩ ወረድን። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ አንድ አባት አገኙንና አካሄዴን አይተው ዱላቸውን ሰጡኝ። «እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ፣ አንተ ያዘው» አሉኝ። እሳቸው በባዶ እግራቸው፣ አህያቸውን እየነዱ፣ ከፊቴ ሄዱ።

ድልድዩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ዓባይ እዚያ ቦታ ላይ ጠቦ፣ በጥቁር አለት መሀል ተጨምቆ ነው የሚያልፈው። በላዩ ላይ የድንጋይ ቅስቶቹ ተዘርግተዋል። አህያ ይሄድበታል፣ ከብት ይሄድበታል፣ ማሽላ የተሸከመች ሴት ትሄድበታለች። የተሠራው በ1626 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አራት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል! እኛ አዲስ አበባ ቀበናን ስንሻገር አፍንጫችንን ይዘን፣ ወንዙን ሳናይ ነው። እዚህ ድልድዩ ላይ ሰው ይቆማል፣ ይሳለማል፣ ወሬ ይለዋወጣል፣ ውሃውን አይቶ ስለ ክረምቱ ይናገራል።

አስጎብኚው «አፄ ፋሲል ያሠሩት ነው» አለኝ። ጎንደርና ጎጃም ውስጥ አሮጌ ድንጋይ ሁሉ ለፋሲል ነው የሚሰጠው። ይሄን ድልድይ ያሠሩት ግን አባታቸው አፄ ሱስንዮስ ናቸው። በዚያው ዘመን አገራችን የነበረው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ ጽፎታል። እሱ እንደሚለው ለኖራ የሚሆን ድንጋይ እዚሁ በአላታ ወንዝ አካባቢ ተገኘ። ግንባታውን የመራው ደግሞ ከፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ነው። ከዚያ በፊት በአገራችን በድንጋይ የተሠራ ድልድይ አልነበረም። «ፖርቹጋሎች የሠሩት» ሲባል ቅር የሚለኝ ለዚህ ነው። ትእዛዙ የሱስንዮስ ነው፣ ድንጋዩና ኖራው የዚሁ የወንዝ ዳር ነው። ሱስንዮስ በሃይማኖት ምክንያት ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ዙፋኑን ለፋሲል ለቀቁ። የተቀበሉት የካቶሊክ እምነት ተሻረ፣ ሚሲዮናውያኑ ተባረሩ። ድልድዩን ግን ማንም አላፈረሰውም። ጎጃሜውም ቤጌምድሬውም ክረምት ከበጋ ይሻገርበታል።

ዱላቸውን የሰጡኝ አባት ድልድዩን ሳይሻገሩ አህያቸውን አቁመው ጠበቁኝ። «በእንቁላል ነው የለሰኑት ይላሉ» አሉኝ ግድግዳውን እየዳሰሱ። አስጎብኚውም ይህንኑ ሰምቷል። እኔ ስለ ኖራው ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ኖራም ይሁን እንቁላል፣ ለኔ አያት አያት ደርሷል» አሉ።

ስለ ፏፏቴው የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ልጅ ሳሉ የውሃው ጉርምርምታ ሌሊት ቤታቸው ድረስ ይሰማ ነበር። ጢሱ ከሩቅ ይታያል፣ ማለዳ ደጃፉን ያረጥበዋል። አሁን ድምፁን ሰምተው «ዛሬ ተለቋል» ወይም «ዛሬ ተዘግቷል» ይላሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጣና ሐይቅ አፍ ላይ፣ ጨረጨራ የሚባል ግድብ አለ። ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ እዚያ ላይ ነው የሚለካው። በ2010 በፈረንጆች አቆጣጠር ደግሞ ጣና በለስ ተመረቀ፣ 460 ሜጋ ዋት። ከዚያ ወዲህ ብዙው ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይሄዳል። በለስም ዞሮ ዞሮ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ግን በጣም ታች፣ ጢስ ዓባይን ሳይነካ። የሚቃወም ልብ የለኝም፣ መብራት የሚያስፈልገው አገር ነው። ግን እነዚህ አባት ስለ ውሃው ሲወሰን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ይሄ ይከነክነኛል።

ዳገቱን ወጥተን ከፏፏቴው ፊት ለፊት ስንደርስ አራት ሰዓት አልፎ ነበር። ተለቆ ነበር! ክረምቱ ጥሩ ስለዘነበ ይመስለኛል። ከአርባ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወፍራም ቡናማ ውሃ ይወረወራል፣ ጢሱ ይነሳል፣ ፀሐይ ስታገኘው ቀስተ ደመና ይሠራል። ልብሴ ራሰ። በአሮጌው የወረቀት አንድ ብር ጀርባ ላይ የነበረው ፏፏቴ ይሄ ነው። ልጅ ሆኜ ያን ብር እያገላበጥኩ የማየው የወፎቹንና የውሃውን ሥዕል ነበር። እዚያ ቆሜ ዝም ብዬ አየሁት፣ አስጎብኚውም አላጣደፈኝም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 በፈረንጆች አቆጣጠር መጥቶ ያየው በሙሉ ጉልበቱ ነው፤ እኔ ያየሁት የተረፈውን ነው። የተረፈውም ያስደነግጣል።

መመለሻው ሌላ መንገድ ነው። በተንጠልጣዩ የእግር ድልድይ አላታን ተሻግረን፣ ከፏፏቴው በላይ ጸጥ ወዳለው ዓባይ ወጣን። እዚያ በጀልባ ነው የሚሻገሩት። ባለ ጀልባው «ሃምሳ ብር» አለኝ። ከኔ ጋር የነበሩት ሴቶች የከፈሉት አምስት አምስት ነው። ሃምሳ ብር ከኪሴ ባይጎድልም እንግዳን እየለዩ ማስከፈል ደስ አይልም። አንዲት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ጣልቃ ገባች። «አጎቴ፣ እኛ ስንት ነው የምንከፍለው?» አለችው። አጎቷ ነበር ለካ። አስር ብር ተቀበለኝ፣ እኔም ሳልከራከር ሰጠሁ።

ዱላውን የሰጡኝን አባት ድልድዩ አጠገብ ነው የተለየናቸው። ገንዘብ ልስጣቸው ብል ተቆጡ። ዱላቸውን ወሰዱ፣ «በሰላም ግባ» አሉኝና አህያቸውን ይዘው ወደ ማዶ ዘለቁ።

ባሕር ዳር ስመለስ ከመናኸሪያ ሆቴል ድረስ ያደረሰኝ የባጃጅ ሾፌር እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው። ጢስ ዓባይ ሄዶ አያውቅም። «ውሃው ደርቋል ይባላል እኮ» አለኝ። በመስከረም እንዳልደረቀ ነገርኩት። በበጋ ከሄደ ሊያዝን እንደሚችልም ነገርኩት። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ቢሄድ ጥሩ ነው፣ ጠዋት ቀስተ ደመናው ሳይጠፋ። ጫማው ጭቃ የሚችል ይሁን። ድልድዩ ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። ከቻለ አልጋ ይዞ ይደር፣ ሻማም ይያዝ፤ ያቺ ከተማ እንግዳ ሲያድርባት ነው ብር የምታገኘው። «እሁድ ልጆቹን ይዣቸው እሄዳለሁ» አለ። የጀልባውን ትክክለኛ ዋጋ ነግሬው ወረድኩ።