የጭንቅ ዜማ

ቪየና የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ግማሽ ቀን ሲተርፈኝ ግን በቀጥታ ወደ ሆፍቡርግ ቤተ መንግሥት አቀናሁ። የፈለግኩት ሽቫይትሰርሆፍ የሚባለውን ግቢ ነው፤ ከቤተ መንግሥቱ ሁሉ አሮጌው እሱ ነው። ቀዩን በር አልፌ ስገባ የቱሪስቱ ጫጫታ ቀነሰ።

በ1462 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. መጸው ላይ የቅድስት ሮማ ግዛት ንጉሠ ነገሥት ፍሪድሪሽ 3ኛ እዚህ ተከቦ ነበር። የከበቡት ባዕዳን አይደሉም፤ የገዛ ከተማው ሰዎች ናቸው። ወንድሙ አልብሬኽትም ከእነሱ ጋር ወገነ። ንግሥቲቱ ኤሌዮኖራና አራት ዓመት ያልሞላው ልጃቸው ማክሲሚሊያን ውስጥ ነበሩ። መድፍ ከውጭ፣ ረሃብ ከውስጥ።

አብሮ የተከበበ አንድ ዘፋኝ ነበር፤ ሚሼል ቤሃይም። ከደቡብ ጀርመን፣ ከዙልስባኽ መንደር የመጣ የሸማኔ ልጅ ነው። የከበባውን ታሪክ በግጥም መጻፍ የጀመረው እዚሁ ነው። ዜማውንም «የጭንቅ ዜማ» አለው፤ ምክንያቱን ራሱ ሲጽፍ፣ ስጀምረው በትልቅ ጭንቅ ውስጥ ነበርኩ ይላል። ግቢው መሃል ቆሜ ደጋግሜ ያሰብኩት ይህንን ነው። የንጉሥ አዝማሪ ጀግንነቱን እንጂ ፍርሃቱን መች ይናገራል?

ከተሜውን ግን በግጥሙ ክፉኛ ይረግማል። እዚህ ላይ አልስማማም። ከከበባው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በውስጡ ያለው የብር ማዕድን እየቀነሰ የረከሰ ሳንቲም አገሩን አጥለቅልቆ ነበር። ገንዘቡ እጁ ላይ ዋጋ ያጣበት ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ቤሃይም የሸማኔ ልጅ ሆኖ ይህ እንዴት ጠፋው?

መልሱን በኋላ ራሱ ሰጥቷል። በታኅሣሥ የቦሄሚያው (የዛሬዋ ቼክ) ንጉሥ ጌኦርግ ደርሶ ከበባው ተፈታ። ቤሃይም ከዓመታት በኋላ ወደ ጀርመኗ ሃይደልበርግ ሄዶ ፋልስ ለሚባለው ግዛት መስፍን አደረ። ስለዚያ ጌታው ሲጽፍ «እንጀራውን በላሁ፣ ዘፈኑን ዘፈንኩ» አለ። ሳይሸፋፍን መናገሩን እወድለታለሁ። መጨረሻው ግን ያሳዝናል። ወደ ትውልድ መንደሩ ተመልሶ ሹም ሆነ፤ እዚያው ተገደለ።

ከመውጣቴ በፊት እሱ በዓይኑ ያየውን ነገር ፈለግኩ። ቀዩ በር አይሆንም፤ የተሠራው በ1552 ነው። የግቢው ጸሎት ቤት ግን በ1449 አልቋል። ጠጋ ብዬ ግድግዳውን በእጄ ነካሁት። መድፉ ሲጮህ ይህ ድንጋይ ገና 13 ዓመቱ ነበር።