ማግኔት የሳበው ሽቦ

ከማጠንከሪያ ምድጃው የወጡት ማርሾች ተጣመው ነበር። የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከ900 ዲግሪ ሴልሺየስ ንቅንቅ አላለም። የምድጃው ኃላፊ፣ በዕድሜም በሥራም የሚበልጡኝ ሰው፣ ማታ በመመልከቻው ቀዳዳ አይተው «ልጄ፣ ይህ የ900 ቀለም አይደለም፤ ነጣ ብሏል» ብለውኝ ነበር። እኔ ቁጥሩን አመንኩ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት መቆጣጠሪያውን ነው። ከመፈተሻ መሣሪያ የ900 ዲግሪን ምልክት ብሰጠው በትክክል 900 አለ። ከዚያ አዲስ ቴርሞካፕል፣ ማለትም ሙቀትን ወደ ትንሽ ቮልቴጅ የሚለውጥ የሁለት የተለያዩ ሽቦዎች ጥንድ፣ ከአሮጌው ጎን አስገባሁ፤ አዲሱ 940 አነበበ። አሮጌው ዝቅ አድርጎ ስለሚያነብ መቆጣጠሪያው ኃይል ይጨምር ነበር። ጥንዱ ሽቦ በዚህ ሙቀት በየዲግሪው የሚሰጠው 40 ማይክሮቮልት ያህል ስለሆነ፣ ማርሾቹን ያበላሸው ስህተት ከ1.6 ሚሊቮልት የሚበልጥ አልነበረም።

አሮጌውን ከጠባቡ መከላከያ ቱቦ ስቤ አወጣሁት። ሁለቱን ሽቦዎች የምለየው በማግኔት ነበር፦ አሉሜል ይሳባል፤ 90 በመቶ ኒኬልና 10 በመቶ ክሮሚየም የሆነው ክሮሜል አይሳብም። ያን ቀን ግን ሁለቱም ማግኔቱ ላይ ተለጠፉ። ክሮሜሉን በጥፍሬ ስፍቀው አረንጓዴ ቅርፊት ተነሣ።

ክሮሜል ሙቀትን የሚችለው ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ሽቦውን ስለሚሸፍነው ነው። ከ800 እስከ 1050 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ ኦክስጅን እጅግ ባነሰበት ጠባብ ቱቦ ውስጥ ግን ይህ መጋረጃ በወጉ አይሠራም፤ ኒኬሉ ሳይነካ ክሮሚየሙ ብቻውን እየተበላ ያልቃል። የቀረው ወደ ንጹሕ ኒኬል የተጠጋ ሽቦ ማግኔት ይስበዋል፤ ቮልቴጁም ይወርዳል። የሚያሳዝነኝ፣ ሽቦው ሳይበጠስ፣ ማስጠንቀቂያም ሳይሰጥ መበላሸቱ ነው። ቮልቴጁ የሚፈጠረው ሙቀቱ በሚለዋወጥበት የሽቦው ክፍል ስለሆነ፣ ያንኑ አሮጌ ሽቦ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ብገፋው ውጭ የነበረው ጤነኛ ክፍል ሙቀቱ በሚለዋወጥበት በምድጃው ግድግዳ ላይ ይውልና ንባቡ የተስተካከለ ይመስል ነበር። እንዲህ አድርጎ «ተጠገነ» ማለት ምንኛ ቀላል ነው!

ቱቦውን ሰፋ ባለ ቀየርን፤ ለዚያ ምድጃም ኒክሮሲልና ኒሲል የተባሉትን፣ ሲሊከን የተጨመረባቸውን ሽቦዎች መረጥን። ከሁሉ በፊት ግን ኃላፊውን ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሽቦውንና ማግኔቱን ተቀበሉኝ፤ አስጠጉት፣ አላቀቁት፣ መልሰው አስጠጉት። ከዚያም አረንጓዴውን ቅርፊት ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ ቆዩ።