ድምሩ ዜሮ የሆነ መጠይቅ

ከሰኔ ጀምሮ ከአእምሮዬ ያልወጣችው የኤልሳልቫዶር አራስ ዛሬም እንቅልፍ ነሳችኝ፤ ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ልጽፈው ተነሣሁ። በምሠራበት የዋሽንግተን ዲሲ ክሊኒክ ከወሊድ በኋላ ከምናያቸው እናቶች ብዙዎቹ የእርሷ አገር ልጆች ናቸው።

የመጣችው በዚያ ሙቀት የሱፍ ካልሲና ኮፍያ አድርጋ ነበር። በረዶ የገባበት ውሃ ሳቀርብላት ብርጭቆውን በጣቶቿ ጫፍ ወደ እኔ መለሰችው፤ እኔም መዝገቧ ላይ «ፈሳሽ አትወስድም» ብዬ ጻፍኩ። አራስን ብርድ እንዳይመታት በር በሚዘጋበት፣ ገንፎ በሚገነፋበት ቤት ያደግኩ ሰው ይህን መጻፌ እስከ አሁን ያሳፍረኛል። ኤልሳልቫዶራውያንም የአራስነቱን 40 ቀን «ኩዋረንቴና» ብለው ይጠብቁታል፤ አራሷ ከቀዝቃዛ ነገር ትርቃለች፣ ሆዷ በጨርቅ ይታሰራል፣ ትኩስ የዶሮ ሾርባ ይቀርብላታል፣ የቤቱን ሥራም እናትና እህት ይረከቡላታል።

ቀጥዬ ከወሊድ በኋላ የሚመጣን ድብርት የሚለየውን የኤዲንብራን መጠይቅ በስፓኒሽ ሰጠኋት። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ መጠይቅ ያለፉትን 7 ቀናት ስሜት በ10 ጥያቄዎች ይመዝናል፤ ከፍተኛው ድምር 30 ነው፣ ድምሩ ከፍ ባለ ቁጥር ድብርቱ ይበልጥ ይጠረጠራል። አማቷ ትከሻ ለትከሻ ገጥማ ተቀምጣ ወረቀቱን ታነብ ነበር። እርሳሱ ራስን ስለመጉዳት ከሚጠይቀው ከ10ኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ቀና ብላ አማቷን አየቻት፣ ከዚያም «በፍጹም» በሚለው ሥር አሰመረች። ድምሩ ዜሮ ሆነ፤ እኔም እፎይ ብዬ አሰናበትኳት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያነጋገረቻት ፕሮሞቶራችን ነበረች። ፕሮሞቶራ ከራሱ ከማኅበረሰቡ የወጣች፣ እንደ እኛ አገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት የምትዞር ሴት ናት። ወረቀት አላወጣችም፤ አማቲቱን ሕፃኑን አስይዛ ወደ ውጭ ከሸኘች በኋላ፣ «ሚሃ» አለቻት፣ ልጄ እንደ ማለት ነው፣ «ካልዶውን፣ የዶሮ ሾርባውን፣ ማን ይሠራልሻል?»

ልጅቱ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች። እናቷ ያለችው እዚያው ኤልሳልቫዶር፣ ሳን ሚጌል ነው፤ የ6 ዓመት ልጇም እዚያው ከአያቱ ጋር ቀርቷል፤ አዲሱን ልጅ ባቀፈች ቁጥር ያ የቀረው ፊቷ ላይ ድቅን ይላል። ድብርት የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም፤ ያለችው «ኔርቪዮስ» ነው፣ የነርቭ መረበሽ እንደ ማለት። «አዎ» ብላ ብታሰምር ልጁን የሚነጥቋት፣ ከአገር የሚያስወጧትም መስሏት ነበር።

በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የመንግሥት አገልግሎት ሰዎች በሚገባቸው ቋንቋ እንዲሰጥ የሚያዘው የዲሲ የቋንቋ ሕግ ስፓኒሽንም አማርኛንም ስለሚሸፍን ለእኛም ለእነርሱም ትልቅ ነገር ነው። ያን ቀን ግን ትርጉሙ እንከን አልነበረበትም፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ አማቷን ሳላስወጣ፣ ወረቀቱ የት እንደሚደርስ ሳልነግራት ጠየቅኋት። የሥነ ልቦና ባለሙያው ሪካርዶ ሙኞስና ባልደረቦቹ በሳን ፍራንሲስኮ ለነፍሰ ጡሮች ያዘጋጁትን «ማማስ ኢ ቤቤስ» (እናቶችና ሕፃናት) የተባለ ድብርትን የሚከላከል ትምህርት የምወደውም ለዚህ ነው፤ እናቲቱ እስክትታመም ሳይጠብቅ፣ ገና በእርግዝናዋ፣ በራሷ ቋንቋ ይጀምራል።

ብቻዋን ሆና ድጋሚ ስትሞላው ድምሩ 16 ሆነ፤ 10ኛውን በቃል መለሰችልን። በዚያው ቀን ፕሮሞቶራችን ስፓኒሽ ተናጋሪ አማካሪ አገኘችላት፤ አሁን ልጅቱ በየሳምንቱ ትመጣለች። መዝገቧ ላይ የጻፍኩትን አርሜ «ትኩስ ትጠጣለች» ብያለሁ። ሐሙስ ቀጠሮ አላት፤ ፔርሙሱንና ቀረፋውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።