የተጎነደለ ቡና
«አንዲት ቁራጭ አናስቀርም» ያልኩት እኔ ነኝ፤ እንዲህ በል ያለኝ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ጅማ ውስጥ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ነበርኩ፤ ሰውየው ደግሞ ከሊሙ በኩል የመጣ ቡና አምራች ሲሆን፣ የ4 ዓመት ሴት ልጁን ቢጫነት እየመጣ እየሄደ ከዓመት በላይ አሰቃይቷት ነበር። መጀመሪያ የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ሥር ተቀቅሎላት ጠጥታለች፤ ቀጥሎ የጉበት ቫይረስ ነው ተብላለች፤ በመጨረሻም «የጉበት ሃይዳቲድ ሲስት (ጥገኛ ትል የሚያመጣው ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት) ሊሆን ይችላል» የሚል የአልትራሳውንድ ወረቀት ይዛ እኛ ዘንድ ደረሰች። ምርመራው ሲደገም ፈሳሽ ያቆረው ጉበቱ ሳይሆን ዋናው የሐሞት ቱቦ ራሱ ሆኖ ተገኘ፤ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ተነፍቶ ነበር። ሕመሙ ኮሌዶካል ሲስት ይባላል፤ የሐሞት ቱቦ እንደ ከረጢት ሲነፋ ማለት ነው። የእርሷ ቀዶ ሐኪሙ ቶዳኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 በአምስት ከከፈሏቸው የዚህ ሕመም ዓይነቶች የመጀመሪያውና በብዛት የሚታየው ነው። የሆድ ሕመም፣ ቢጫነትና እብጠት ሦስቱም አብረው የሚታዩት በጥቂት ልጆች ላይ ብቻ መሆኑን ለፈተና ሸምድደን፣ ዋርድ ስንገባ ግን ሦስቱ እስኪሟሉ መጠበቃችን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አባትየው የከረጢቱን መጠን በእጄ ምልክት ሳሳየው፣ «ያቆረ ውኃ ከሆነ ታዲያ፣ ቀዳዳ አበጅታችሁ አታፈሱትም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የዋዛ አልነበረም፤ ቀዶ ሐኪሞችም ለብዙ ዓመታት ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ከረጢቱን ሳይነኩ ከአንጀት ጋር እየሰፉ ሐሞቱ እንዲፈስ ያደርጉ ነበር፤ ዳሩ ግን የቀረው ከረጢት ይመረቅዛል፣ ጠጠር ይቋጥራል፣ ከዓመታት በኋላም በአንዳንዶቹ ላይ ካንሰር ያበቅላል። በአብዛኞቹ እነዚህ ልጆች የቆሽት ቱቦ ከሐሞት ቱቦው ጋር የሚገናኘው ከመደበኛው ቦታ ራቅ ብሎ ስለሆነ፣ የቆሽት ፈሳሽ ሽቅብ እየወጣ የቱቦውን የውስጥ ሽፋን ይበላዋል። ስለዚህ የተነፋው ቱቦ ከሐሞት ከረጢቱ ጋር ወጥቶ፣ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የትንሹ አንጀት ክፍል ሽቅብ ተስቦ ከጉበት ከሚወጣው ቱቦ ጋር ይሰፋል። ይህንን ሁሉ በትዕግሥት ካስረዳሁት በኋላ ነው፣ ነገሩን ለማሳመር ብዬ ያቺን ዐረፍተ ነገር የጨመርኩት።

ቫይታሚን ኬ እና አንቲባዮቲክ ወስዳ ለኦፕሬሽን ገባች። ተደጋጋሚው ኢንፌክሽን የከረጢቱን የኋላ ግድግዳ ወደ ጉበት ደም ከሚወስደው ትልቅ የደም ሥር፣ ከፖርታል ቬይን ጋር አጣብቆት ነበር፤ ሲኒየራችን ሁለት ጊዜ ሊያላቅቀው ሞክሮ ደም ሲያይ መቀሱን አኖረ። በቀዶ ሐኪሙ በሊሊ ስም በሚጠራው ዘዴ የኋላውን ግድግዳ ትተን የውስጥ ሽፋኑን ብቻ ገፈፍን። በዚህ መሐል አንድ አንጋፋ ባልደረባ በበሩ ብቅ ብሎ፣ «እኛ ከአንጀት ጋር ሰፍተን በአንድ ሰዓት እንጨርስ ነበር» አለ። ዝም አልኩ፤ እርሱ በአንድ ሰዓት ከጨረሳቸው መካከል ትኩሳትና ቢጫነት ይዘው የተመለሱትን እንደገና የምንከፍተው እኛ ነን።

የሌላ ሰው ሐሞት ሳስተካክል ውዬ፣ ወደ አባትየው ስሄድ የራሴ ሐሞት ፈሰሰ።

«ወጣ?» አለኝ።

«ወጥቷል። ከኋላው ግን ስስ ግድግዳ ከደም ሥሩ ጋር ተጣብቆ ስለነበር እርሱን ተውነው።»

«ጎንድለን ተውነው በለኛ። የተጎነደለ ቡና ደግሞ ያቆጠቁጣል፣ ዶክተር።»

ስለ ሽፋኑና ስለ ሴሎቹ ብዙ ቀባጠርኩ። ጨርሼ እስክተነፍስ ጠብቆ፣ «በተዋችሁት ላይ ልጡ አለ?» ሲል ጠየቀ። ልጡን ገፈን እንደጣልነው ነገርኩት።

«እንዲህ አትለኝም ታዲያ? ልጡ የተገፈፈ ጉቶ ይደርቃል» አለና ጥቂት ቆይቶ፣ «አንዲት ቁራጭ አናስቀርም ባትለኝ ኖሮ ግን ይህን ሁሉ አልጠይቅህም ነበር» ሲል ጨመረበት።

ምሳሌው ሙሉ በሙሉ ልክ አልነበረም። ሽፋኑ ተገፎም ቢሆን አደጋው ፈጽሞ አይጠፋም፤ የተሰፋውም ሊጠብ ስለሚችል ልጅቱ ዕድሜ ልኳን ክትትል ያስፈልጋታል። ይህንን ማረም የነበረብኝ በዚያች ቅጽበት ነበር፤ ይቅር እንዳለኝ ስለተሰማኝ ግን አፌን ያዝኩ፤ የነገርኩትም ከሆስፒታል በምትወጣበት ቀን፣ ከቀጠሮው ወረቀት ጋር ነው። በኦፕሬሽኑ ማግሥት ጠዋት ስብሰባ ላይ ደግሞ ሲኒየራችን የጉቶውን ምሳሌ የራሱ አስመስሎ ለተማሪዎች ሲያስረዳ ሁሉም ጻፉት።

ከዚያ ወዲህ ለቤተሰብ የምናገረው በጥንቃቄ ነው። በቅርቡ ተመሳሳይ ሕመም ላለባት ልጅ እናት «ማውጣት የምንችለውን ያህል እናወጣለን» ብላት፣ ሁሉንም የሚያወጣ ሐኪም ካለ እንድጠቁማት ለመነችኝ።